ከኋላ የተሰማው ነጋሪት

እስቲ ጠጋ በሉ። ጉልበቱን የሚያመው ግድግዳውን ይደገፍ፤ ልጅ ያቀፈችም ከነፋሱ ትከለል። የማወራላችሁ የሽማግሌውን የቻንድራይ ቱዱን አሟሟት ነው። ነገሩ በጆሮ የተሸፈነ፣ በጆሮም የተገለጠ ስለሆነ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙኝ ቅር አይለኝም።

መንደራችን ቡሩቶላ አንድ ረጅም መንገድ ናት፤ ቤቶቿ ሁሉ ግራና ቀኝ ተደርድረውባታል። በምሥራቅ ጫፍ ሳል የሚባሉት ትልልቅ ዛፎች የቆሙበት ቅዱሱ ደን አለ። በምዕራብ ጫፍ፣ የግማሽ ሰዓት ዳገት ከወጣችሁ በኋላ፣ የነጋሪት ዓለት የምንለው ቋጥኝ ይገኛል። በባሃ፣ በአበባው በዓል፣ ለአማልክቱ የሚሠዋው ናይኬ ሕዝቡን አስከትሎ ደኑ ውስጥ ሲገባ፣ ቻንድራይ ብቻቸውን ዓለቱ ላይ ሆነው ትልቁን ነጋሪት ይጎስማሉ። ከዚያ ላይ ደኑም መንገዱም ወለል ብሎ ይታያል። ናይኬው ደኑ ውስጥ እስካለ ድረስ አንድ ምት አለ፤ ከመጨረሻው ዛፍ ሲወጣ ምቱ ይለወጣል። በሦስት መንደር ያለ ሰው፣ መደብ ላይ የዋለ በሽተኛ እንኳ ሳይቀር፣ በዚያ ድምፅ አማልክቱ የት እንደደረሱ ያውቃል።

የቻንድራይ ምት ደግሞ አንካሳ ነበር። በጎልማሳነታቸው ድብ ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት ስለበላባቸው፣ የግራው ምት ሁልጊዜ ዘግየት፣ ላላ ብሎ ይወርዳል። ዱም፣ ዱም፣ ዘግይቶ ደግሞ ዱ። አንካሳውን ምት የሰማ ሁሉ «ቻንድራይ ናቸው» ይላል።

በዚያ ዓመት በባሃ ዕለት፣ ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ነጋሪቱ ቆመ። የልጃቸው ባል ሱክራ ሙርሙ እንደ ልማዱ ምግባቸውን ይዞ ወደ ዓለቱ ወጣ። ሲመለስ እጁም ደረቱም ደም ነበር፤ እየጮኸም ነበር። ሽማግሌው በነጋሪታቸው ሥር ተደፍተዋል፤ ማጅራታቸውን በድንጋይ ተመትተዋል።

ኢንስፔክተር ዱላሪ ሄምብሮም የሚቀጥለው መንደር ውስጥ አክስቷ ዘንድ በዓል እያከበረች ነበር። እሷም የእኛው የሳንታል ሕዝብ ልጅ ናት። የደንብ ልብሷን ሳትለብስ፣ የሳል አበባውን ከጸጉሯ ሳታወርድ፣ ኮንስታብል ባሱዴብ በሞተር አደረሳት።

የመንደሩ አለቃ ማንጂ ዱርጋ ኪስኩ መንገድ ላይ ተቀበሏት።

«ልጄ፣ ነገሩ ያለቀለት ነው» አሏት። «ነጋሪቱ ሲቆም ሁላችንም እዚህ መንገድ ላይ ናይኬውን ከበን ነበር። ወደ ዓለቱ የወጣ ሱክራ ብቻ ነው። ትናንት ደግሞ መንደሩ እየሰማ ‹እርስዎ እስኪሞቱ እዚህ አልቀመጥም› ብሏቸዋል።»

«ሁላችሁም ነበራችሁ? ቆጥራችኋል፣ አባባ?»

«ቆጥረናል እንጂ። የወንድማቸው ልጅ ሲንግራይ እንኳ ጠዋት ላሙ ስትወልድ ስለዋለ ደኑ አልመጣም ነበር። ነጋሪቱ ቆሞ ምራቄን ሳልውጥ እንደ ወጉ የናይኬውን እግር ማጠቢያ ውሃ ይዞ ከበሩ ወጣ። እኔው ራሴ አይቻለሁ።»

ሱክራ በከብት ገመድ ከማንጎ ዛፍ ጋር ታስሯል። ሚስቱ ቺታ፣ የሰባት ወር ሆዷን ይዛ እግሩ ሥር ተቀምጣለች። ቀስት የያዙ ጎረምሶች ዙሪያውን ቆመዋል፤ ግን እሱን ብቻ አይደለም የሚያዩት፤ እርስ በርሳቸውም በጎን ይተያያሉ።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ የጣቢያው መኪና ይመጣል» አለ ባሱዴብ። «እኛ ካልወሰድነው እነዚህ አያሳድሩትም።»

ቺታ ቀና አለች። «እትዬ፣ አባቴን ዛሬ አጥቻለሁ። የልጄን አባት ደግሞ አትውሰጂብኝ።»

ዱላሪ ቃል አልገባችላትም። ገመዱን ብቻ አየችና «ከእጁ አንጓ ላይ ላላ አድርጉት» ብላ ወደ ዳገቱ ሄደች።

ስለ ዱላሪ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አባቷ ነጋሪት ጎሳሚ ነበር። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ነጋሪት አትነካም፤ ስለዚህ ወንድሞቿ እጃቸውን ሲያስለምዱ እሷ ከግድግዳው ጀርባ ተቀምጣ ጆሮዋን አስለመደች።

ዓለቱ ላይ ሬሳው በጨርቅ ተሸፍኗል። ዱላሪ ድንጋዩን አየች፣ ደሙን አየች፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ነጋሪቱን መመርመር ጀመረች። በጥፍሯ ቆዳውን ነካ አደረገችው። እንደ እርጥብ ጆንያ ቧ አለ።

«ረግቧል» አለች።

«ምኑ?» አለ ባሱዴብ። የከተማ ልጅ ነው።

«ቆዳው። ሲመታ ሲመታ ይረግባል። ያን ጊዜ ጎሳሚው ያቆምና ገለባ አንድዶ ያሞቀዋል፤ እንደ ብረት ይጮኻል። ያ ገለባ ነው።»

ቋጥኙን ተደግፎ አንድ የሩዝ ገለባ ነዶ ቆሟል። ዱላሪ በርከክ ብላ ማሰሪያውን በጣቷ ዳሰሰች። ቋጠሮው አልተፈታም። አካባቢውን ዞረች፤ የዓምናው ጥቁር ጠባሳ ዓለቱ ላይ አለ፣ የዛሬ አመድ ግን የለም።

«ከዚህ ደኑ ይታይሃል?» አለችው።

«ዛፎቹን ልቁጠርልሽ?»

«አትቁጠር። መታየቱ ይበቃል።»

ከዓለቱ ሥር እስከ ቤቶቹ ጀርባ የሚዘልቀውን የመስኖ ቦይ በዓይኗ እየተከተለች ከዳገቱ ስትወርድ ሊታ ባስኬ መንገድ ላይ አገኛት። ድምፅ ማጉያ ለሠርግ የሚያከራይ፣ ምላሱ ሥራ የማይፈታ ሰው ነው። ባለፈው ባሃ የፊልም ዘፈን ሊከፍት ሲል ቻንድራይ ሽቦውን በመጥረቢያ ቆርጠውበታል።

«እኔን ሳትጠይቂኝ አትለፊ፣ እትዬ» አላት። «ሰው ሁሉ በዓይኑ እየቀቀለኝ ነው።»

«የሽማግሌውን ምት ቀድተህ በማጉያ አልለቀቅክም?»

«በምን መብራት? ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። የበረዶ ሻጩን ጠይቂው፤ ሸቀጡ በሙሉ ውሃ ሆኖበት ሲያለቅስ ነው የዋለው። ደግሞ እኔ ብሆን የለቀቅኩት አሳምሬ እለቅ ነበር። የዛሬው ምት መች ምት ነበር?»

«እንዴት?»

«ቀትር ላይ ዝም አለ። ቆዳ እያሞቁ ነው ብለን ተቀመጥን። ሁለት ጽዋ ጠላ ቀስ ብዬ ጠጥቼ ጨረስኩ። ሲቀጥል ያው የፊተኛው ምት ነው። ናይኬው ከደኑ ወጣ፣ ምቱ ግን አልተለወጠም። እኛ የመመለሻውን ዘፈን ጀምረናል፣ ነጋሪቱ ገና ግቡ ይላል። የልጃገረዶቹ እግር እርስ በርሱ ተጠላልፎ አንዷ በአፍጢሟ ተደፋች። ‹ሽማግሌው ዛሬ ከጠላው ጋር ተስማምተዋል› እያልን ሳቅን። ዘፈናችን መንደሩ መግቢያ ሲደርስ ነው የተለወጠው።» ሊታ ወደ ዓለቱ ዞር አለ። «ስቄባቸው ነበር። አሁን እንደዚያ ባልሳቅኩ እላለሁ።»

ዱላሪ በምዕራብ ጫፍ ከመጨረሻው ቤት አንድ ቀደም ብሎ ወዳለው ወደ ሲንግራይ ቱዱ ቤት ገባች። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል፤ ልቅሶው የውሸት አልነበረም።

«አጎቴ ብቻ አይደሉም» አለ። «ሃያ ዓመት ነጋሪታቸውን ተሸክሜ ዳገት የወጣሁት እኔ ነኝ።»

«እርሳቸው ሲያልፉ ነጋሪቱ ላንተ ነበር?»

«እኔ ቱዱ ነኝ። ነጋሪት ከቱዱ ወገን ወጥቶ አያውቅም።»

«ሱክራ ከሙርሙ ወገን ነው። ግን ያስተምሩት ነበር አሉ።»

ሲንግራይ መልስ ከመስጠቱ በፊት ራቅ ብሎ አየ። «ሽማግሌ ሲያረጅ ቀልድ ይወዳል።»

«ጥጃዋን ልያት እስቲ። የባሃ ዕለት የተወለደች ጥጃ ገድ አላት ይባል የለ?»

በረቱ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ አንዲት ዝቅተኛ በር ያለው ነው። ጥጃዋ ቆማ ትጠባለች፤ ጸጉሯ ደርቆ ያብረቀርቃል፤ እትብቷ ጠውልጎ ሊወድቅ ደርሷል። ዱላሪ አሻሸቻት።

«የምታምር ናት። ውሃ ብትሰጠኝ፣ ዳገቱ አድርቆኛል።»

ሲንግራይ ወደ ቤት ሲገባ እሷ ወደ ጥጉ ሄደች። ድርቆሽ ሥር ጥቁር አመድ ተበትኗል። እጇን ሰደደችበት፤ ከሥሩ ገና ለብ ያለ ነበር። ከጎኑ ጆንያ የተጣለበት አሮጌ ነጋሪት አለ። በጥፍሯ ነካችው። ቃ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ጮኸ።

ውሃው ሲመጣ በረቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ጠጥታ አመስግና ወጣች።

የመጨረሻው ቤት የእማማ ማይኖ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ወደ ደኑ መሄድ ትተዋል። ፊታቸውን ወደ ኮረብታው አዙረው ደጃፋቸው ላይ ለዶሮዎቻቸው ጥራጊ ይበትናሉ።

«የማነው እግር? የማላውቀው ነው» አሉ።

«የሄምብሮም ልጅ ነኝ፣ እማማ። ሰው መጥቶ ጠይቆዎታል ዛሬ?»

«እኔን? እኔን የሚጠይቁኝ ዶሮ ሲጠፋባቸው ነው፤ በልተሽብን እንዳይሆን እያሉ።»

ዱላሪ ሳቀች፤ አጠገባቸውም መሬት ላይ ተቀመጠች። «ነጋሪቱን ሰምተዋል?»

አሮጊቷ ጥራጊውን መበተን አቆሙ። «ልጄ፣ ጆሮዬ ከዳኝ መሰለኝ። ሃምሳ ዓመት እዚህ ስቀመጥ የቻንድራይ ነጋሪት ደረቴን ነው የሚመታኝ። ዛሬም ጠዋት ደረቴን ሲመታኝ ነበር። ከቀትር በኋላ ግን ጀርባዬን መታኝ። ያውም አፉን በጨርቅ የያዙት ይመስል ነበር። ዓይኔ ሄዷል፣ ጆሮዬም ሊከተለው ነው ብዬ አለቀስኩ።»

«ጆሮዎ የትም አልሄደም፣ እማማ» አለች ዱላሪ። «ይነሱና ከኔ ጋር ይምጡ። ዛሬ የሚያስፈልገን እሱ ነው።»

ፀሐይ የኮረብታውን ጫፍ ልትነካ ስትል መንደሩ በሙሉ በማንጂው ደጃፍ ተሰበሰበ። ሬሳውንና ትልቁን ነጋሪት ከዓለቱ አውርደዋቸዋል። ዱላሪ ገለባ አስነድዳ ቆዳውን አስሞቀች። የጣቢያው መኪና ከሩቅ አቧራ ሲያስነሳ ይታያል።

«ሱክራን ፍቱት» አለች።

ጎረምሶቹ ማንጂውን አዩ። ማንጂው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ተፈታ።

«የአማትህን አንካሳ ምት ምታልኝ።»

ሱክራ መምቻዎቹን ገመድ በላጠው እጁ ያዘ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። እንደገና ሞከረ። ቀጥ ያለ ነበር።

«ይህ ሩዝ መውቀጥ ነው» አለ ሊታ ከኋላ።

«ሦስት ዓመት አስተምረውኛል» አለ ሱክራ አንገቱን ደፍቶ። «ትናንትም የተጣላነው በዚሁ ነው። እጄ እምቢ ይላል፤ ትቼ ጡብ ፋብሪካ ልግባ አልኳቸው። እርሳቸው ደግሞ ‹እንደኔ አትምታ› ይሉኛል። ታዲያ እንደማን ልምታ?»

ዱላሪ ወደ ናይኬው ዞረች። «እንግዲህ ያ ምት ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል ማለት ነው?»

«ይቀበራል» አሉ ናይኬው በሐዘን። «ከሦስቱ መንደር የሚችለው የለም።»

«ማንም? ሃያ ዓመት አጠገባቸው የቆመ ሰው እንኳ?»

ሲንግራይ እግሩ ሥር ያለውን መሬት ሲያይ ቆየ። ዱላሪ መምቻዎቹን ዘረጋችለት። አልችልም ማለት ይችል ነበር፤ አበላሽቶ መምታትም ይችል ነበር። ሰው ግን ሃያ ዓመት የለፋበትን ነገር በሕዝብ ፊት ማበላሸት እንዴት እንደሚከብደው እናንተም ታውቃላችሁ። ተቀበላት።

ዱም፣ ዱም፣ ዘግይቶ ደግሞ ዱ።

ሴቶቹ ለቅሶ ጀመሩ። ሬሳው በጎን ተጋድሞ ሳለ ሽማግሌው ከመሐላቸው ተነስተው የቆሙ ነበር የሚመስለው። ቺታ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

እማማ ማይኖ በትራቸውን አነሱ። «ይኸው» አሉ። «ከጀርባዬ የነበረው ይህ ነው።»

የሲንግራይ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«አሁን ሁላችሁም ስሙኝ» አለች ዱላሪ፤ ድምፅዋን አላነሳችም። «ቀትር ላይ ነጋሪቱ ዝም አለ። ቆዳ እያሞቁ ነው አላችሁ፤ የማንኛችንም መንደር ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። ነገር ግን ዓለቱ ላይ ያለው የገለባ ነዶ ቋጠሮው አልተፈታም፤ አመድም የለም። ቆዳ አልሞቀም። ዝም ያለው ጎሳሚው ስለሞተ ነው። ሊታ ሁለት ጽዋ ጠላ የጠጣበት ጊዜ አንድ ሰው በመስኖው ቦይ ተደብቆ ከዓለቱ ወደ መንደር የሮጠበት ጊዜ ነው።»

«ከዚያስ በኋላ የሰማነው?» አሉ ማንጂው።

«ናይኬው ከደኑ ሲወጡ ምቱ አልተለወጠም። ዓለቱ ላይ ያለ ሰው ናይኬውን ያያል። ያ ጎሳሚ ግን አላየም፤ መውጣታችሁን ያወቀው ዘፈናችሁን በጆሮው ሲሰማ ነው። እንግዲህ ግድግዳ ውስጥ ነበር። የት ግድግዳ? እናንተ ሁላችሁም ከምሥራቅ በኩል ነበራችሁ፤ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ከምዕራብ መጣላችሁ፤ ማንም አልጠረጠረም። ከምዕራብ ጫፍ የነበሩት እማማ ማይኖ ብቻ ናቸው። ለሳቸው ከጀርባ መጣ። በጀርባቸው ያለው አንድ በረት ነው። እዚያ ውስጥ የገለባ አመድ ገና ለብ ብሎ አገኘሁ፤ በጆንያ የተሸፈነ ነጋሪት ቆዳው ተወጥሮ አገኘሁ። የዛሬ ጠዋት ተወለደች የተባለችው ጥጃ ደግሞ እትብቷ የሦስት ቀን ነው። ነጋሪቱ ሲቆም በሩ ላይ ውሃ ይዞ የታየ ሰው ዓለቱ ላይ ሊሆን አይችልም ብላችሁ ለቀቃችሁት። ልክ ናችሁ፤ ያን ጊዜ ዓለቱ ላይ አልነበረም።»

ሲንግራይ መምቻዎቹን ጎን ለጎን አስተካክሎ ቆዳው ላይ አስቀመጠ።

«ልለምናቸው ነው የወጣሁት» አለ። «‹ዛሬ ማታ ናይኬው አበባውን በሱክራ መምቻ ላይ ያስራል፤ ነጋሪቱ የእሱ ይሆናል› አሉኝ። እኔስ አልኳቸው። ‹አንተ አሥር ጣት ይዘህ ታነክሳለህ› አሉኝ። ‹ነጋሪቱ እኔን አንዴ አይቶኛል፤ ዳግመኛ በአንተ ውስጥ ሊያየኝ አይፈልግም› አሉኝ። ሃያ ዓመት እሳቸውን ለመምሰል ስደክም እያዩ ዝም ብለውኝ። ድንጋዩን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ከዚያ ያ ዝምታ መጣ። ሦስቱም መንደር እኔን የሚያዳምጠኝ መሰለኝ፤ መሙላት ነበረብኝ።»

«ባሌን ከዛፍ ሲያስሩትስ?» አለች ቺታ። «ያኔ ለምን ዝም አልክ?»

ሲንግራይ ሁለት እጁን ለባሱዴብ ዘረጋ። ባሱዴብ ክንዱን ያዘው፤ እሱም ሳይጎተት ሄደ። ለሌላው የመጣችው መኪና እሱን ጭና ተመለሰች።

ሰው ግን አልተበተነም። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመሸኛው ምት ካልተመታ አማልክቱ ደኑ ውስጥ ይቀራሉ። ናይኬው የሳል አበባውን በመምቻው ላይ አሰሩና ለሱክራ ሰጡት። ሱክራ ሚስቱን አየ፣ የተሸፈነውን ሬሳ አየ። ከዚያ በቆሰለ እጁ መታ፤ ቀጥ ያለ፣ የማያነክስ፣ የራሱ ምት። ሊታ እንኳ በእግሩ ምቱን ተከተለ።

ማንም መልእክተኛ አልተላከም። ነገር ግን በሚቀጥለው መንደር አንድ ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ ድምፁን ሰምቶ የቅጠል ጽዋውን መሬት አስቀመጠና «ቻንድራይ ሞተዋል» አለ።

ይኸው ነው፣ ልጆቼ። አሁን ሂዱና ተኙ። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፤ ከበሮ በሰማችሁ ቁጥር እነዚያን ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን የተቀመጡትን አሮጊት አስቧቸው፤ ጎረቤታችሁ እንደሳቸው ያለች ካለችም፣ ምን እንደሰማች ጎራ ብላችሁ ጠይቋት።